በሩ ላይ የቀረው ወረቀት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢታይ ምን ይወጣዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ዕድሜስ? አንሶላው እንደሆነ በማግስቱ ይቆሽሻል። እሷን ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አስጨንቋት አያውቅም። እድፍ ካየች እጅጌዋን ትሰበስባለች፤ በቃ። ሰፈሩ «እትዬ ሳሙና» ሲላት እንኳ እንደ ማዕረግ ተቀብላው ኖረች።

ጡረታ ስትወጣ አብረዋት የቀሩት ሴት ልጇና ውሻዋ አለቃ ናቸው። አለቃ በር ላይ ተዘርግቶ ገቢ ወጪውን በአንድ ዓይኑ የሚቆጣጠር ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን አፍንጫው ላይ ቢጫ ቅርፊት ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ጆሮውም የመዳፉም ሥር ተላላጠ፤ መሬቱ እሳት የሆነበት ይመስል እግሩን እያነሳ ይራመድ ጀመር።

የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ፈርዶ ሲያበቃ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። በሯ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈውን ወረቀት ለጠፈ፦ «ተላላፊ በሽታ ያለበት ውሻ። አትጠጉ።»

«በአንድ ወር ካልዳነ ይወገዳል፣ እትዬ።»

«ተላላፊ ነው ያለህ ማነው?»

«እከክን ለማወቅ ደግሞ ሐኪም መሆን ያስፈልጋል?»

«ያስፈልጋል እንጂ። እኔ በሠራሁበት ቤት ሐኪሞቹ እንኳ ሳይመረምሩ አይናገሩም ነበር። አንተ ከየት ተመረቅህ?»

ውሻውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አሽታ፣ ቅርፊቱን አንድ በአንድ አራግፋ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙ ቆዳውን በምላጭ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ቢያይ የእከክ ተባይ የለም። መድኃኒት ሰጣት፤ ለውጥ አልመጣም። በሳምንቱ ደግሞ አጥባ አመጣችው። አሁንም ምንም የለም።

«እትዬ፣ ይህን ውሻ የሚያጥበው ማነው?»

«ማን ያጥበዋል፣ እኔው ነኝ እንጂ።» ኩራቷ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

«እንግዲያው ማስረጃዬን እያጠቡብኝ ነው። እኔ የምፈልገው ያልፈነዳች፣ መግል የቋጠረች እብጠት ነው። ቅርፊቱንም ጭምር። እስከ ሰኞ ውኃ እንዳይነካው።»

«ቆሻሻ ይዤ ሐኪም ፊት ልቁም?»

«ይቁሙ።»

እነዚያ አራት ቀናት ከሠላሳ አንዱ ዓመት ይልቅ ከበዷት። ሰው ጥፋቱን መተው ብዙም አይቸግረው ይሆናል፤ የሚመካበትን ነገር መተው ነው ጭንቁ። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ከእሷና ከአለቃ አጠገብ ሲሸሹ ቀና እንዳለች ተቀመጠች። «ሆን ብዬ ነው ያላጠብኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሐኪሙ ጆሮው ውስጥ ምስር የምታህል እብጠት አገኘ። በመርፌ ወግቶ ፈሳሹን በመስታወት ላይ አሳረፈ፤ ቀለም ውስጥ ነክሮ በማይክሮስኮፕ አየና እሷንም ጠራት። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ ድብልብል ያሉ ነገሮች ተበታትነው አየች።

«የቆዳው ሕዋሳት ናቸው፤ እርስ በርስ መያያዝ ነበረባቸው። ማያያዣቸውን የገዛ ሰውነቱ እየፈታው ይመስለኛል። ላቦራቶሪው ሳያረጋግጥልኝ ግን አልናገርም።»

ይህን ስትሰማ ወደደችው። ከነቅርፊቱ የተቆረጠ ቁራጭ ቆዳ ተላከ፤ የወሩ ቀጠሮ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው መልሱ መጣ። የአለቃ ሰውነት የራሱን ቆዳ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል እንጂ በሽታው ወደ ሰውም ሆነ ወደ ሌላ ውሻ አይተላለፍም። ዕድሜ ልኩን ክኒን ሊያስፈልገው ይችላል፤ ግን ይኖራል።

ሰብሳቢው ውጤቱን አንብቦ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ይቆይ። ወረቀቱን ያንሱት።»

«እኔ አልለጠፍኩትም።»

«ለእርስዎ እኮ የአንድ ጣሳ ውኃ ሥራ ነው።»

«የለጠፈው እጅ ያንሳው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«እማዬ፣ እኔ ልላጠው?» አለች ልጇ፣ ቤት ሲገቡ።

«እጅሽን እንዳታሳርፊበት።»

አለቃ ቆዳው ገጥሞ፣ ፀጉሩ ተመልሶ፣ ሦስት ዓመት በዚያው በር ተዘረጋ። እሷም በየሳምንቱ በሩን ስታጥብ ጨርቁን በወረቀቱ ዙሪያ አዙራ ታልፋለች፤ በሕይወቷ ሳታጸዳ ያለፈችው እድፍ እሱ ብቻ ነበር። ቀይ ቀለሙ ፈዞ ሮዝ ሆነ። ሰብሳቢው በዚያ ሲያልፍ ማዶ ግድግዳው ላይ የሚያየው ነገር አያጣም። አለቃ አርጅቶ ሞተ፤ ከዓመታት በኋላም እሷ። ወረቀቱን ግን የለጠፈው እጅ አላነሳውም።