ሐኪም ጋራን ማን ይውጣ?

የአየር ንብረት ሞዴል አገሩን በትልልቅ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሐረር አጠገብ ያለው ሐኪም ጋራና ከግርጌው ያለው ሜዳ አንድ የሙቀት ግምት ይሰጣቸዋል፤ ጋራው ግን ከሜዳው ይቀዘቅዛል።

ጡረታ ሳልወጣ ባዮሎጂ ያስተማርኳት ሄለን ወይራ ወደፊት የት እንደሚበቅል ታጠናለች። ቅዳሜ ጋራው ላይ በየከፍታው ሙቀት ለክታ ግምቱን ልታርም ነው። ዛሬ ጀጎል ውስጥ አግኝታኝ አብሯት የሚወጣው የጂኦግራፊ መምህሩ በቀለ መሆኑን ነገረችኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎን ጉልበትዎን ያምዎታል ብዬ ነው።»

«በቀለ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል።»

«እሳቸው ግን ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም።»

ቀናሁ፤ አልደብቅም። ወይራን ለመለየት ቅጠሉን ገልብጣ ጀርባውን እንድታይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በቀለ ወይራን የሚያውቀው ጥላው ስር ሲቀመጥ ነው።

ተማሪያችሁ ሌላ መምህር የመረጠባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ሄለን፣ አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ሳይደርስ መልሺልኝ፤ ወደ ጋራው በምትሄዱበት መኪና ላይ ለእኔ ቦታ አለ?