የካባው ልጆች ኩርፊያ

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር ያኮረፈ ልጅ አያለቅስም ነበር፤ ይቀመጣል። ደጃፍ ላይ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትንፍሽ ሳይል። እናቶቻችን ለቅሶውን ቢሆን በኩርኩም ያስቆሙታል፤ ለዝምታው ግን መላ አልነበራቸውም። እናቴ ዕቃ ታንኳኳለች፣ ታጉረመርማለች፣ መጨረሻ ላይ "በይ ተነሺ፣ የአባትሽ ልጅ" ብላ ትሸነፋለች።

ኩርፊያውን ያወረሱን አባቶቻችን ናቸው። ከኮልፌ በላይ ካለው ካባ ድንጋይ እየፈለጡ ነበር የሚያሳድጉን። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ አንድ ባልደረባቸው ናዳ ተጭኖት ሞተ። አሠሪው በማግስቱ እዚያው ቦታ ገብታችሁ ፍለጡ አላቸው። እነሱም መዶሻቸውን አጋድመው ቁጭ አሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውሉና ሲመሽ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ረሃቡ ሲጠናባቸው ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ናዳው የወረደበት ቦታ ግን ታጠረ። አባቴ ስለዚያ አድማ ሲጠየቅ "ተቀምጠን ነበር" ከማለት ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ትምህርት ቤት ስገባ ዘመኑ የደርግ ሆኗል። አድማ መምታት ያሳስራል፤ የድሮ አድማ ግን ይወደሳል። የቀበሌያችን የኪነት ኃላፊ ለሠራተኞች ቀን ስለ ካባው አድማ ቴአትር አዘጋጀ። የካባ ሠራተኛ ልጆችን ሰብስቦ፣ የካርቶን መዶሻ አስይዞ፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ሲያስጮኸን ከረመ። የአዳራሹ ወለል በናፍጣ ይወለወል ነበር፤ ሽታው እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

ቀኑ ሲቃረብ ለአባቴ መልእክት መጣ። በቴአትሩ ማብቂያ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ማሰማት አለበት። እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ እኔም አውቅ ነበር፤ ስብሰባ ቀረ ተብሎ የተወሰደው የጎረቤታችን ልጅ ገና አልተመለሰም። እናቴ አንዴ ጮሆ እንዲወርድ ለመነችው። እሱ ከካባ መግባቱ ነበር፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ ነው፤ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

በዕለቱ ስሙ ሲጠራ ወጣ። እኔ የካርቶን መዶሻዬን ይዤ ከጎኑ ቆሜያለሁ። አዳራሹ ይጠብቃል። አባቴ እጁን አላነሳም። ለቴአትሩ ብለን ያመጣነው ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከኋላ የካባ ጓደኛው ጋሽ ደምሴ ተነሱ፤ እያዘገሙ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ እኛ ልጆቹም፣ ማንም ሳያዘን፣ ተቀመጥን። የኪነት ኃላፊውን ላብ አጠመቀው። የሚያደርገው ሲጠፋው አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከትሎት አጨበጨበ።

በማግስቱ አባቴን ቀበሌ ጠሩት። እናቴ የማይመለስ መስሏት ብርድ ልብስ አስይዛ ሸኘችው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሱን እንዳቀፈ መጣ። ምን ብሎ እንደወጣ ስትጠይቀው ጫማውን እየፈታ ነበር።

"ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት አልኳቸው" አለ። "ውሸት እኮ አይደለም።"

አሁን ካባው የለም። ጉድጓዱ ተደልድሎ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል፤ እኔም እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ያኔ ፍርሃቱ ከባድ ነበር፤ ግን አንዱ ሲቀመጥ አጠገቡ የሚቀመጥ አያጣም ነበር። ዛሬ ሁላችንም በራችንን ዘግተን ለየብቻ ነው የምንደክመው፤ ይኼ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሰሞን አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ስንገላታ ቆይቼ ስገባ ልጄን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ስልክ ከልክዬው ነበር። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስለ ካባው ነግሬው አላውቅም፤ አያቱንም አልደረሰበትም። ከእኔ አይቶ ይሆናል። ልቆጣው ብዬ ተውኩት። ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። "አንቺ ደግሞ ማንን አኩርፈሽ ነው?"

"ደክሞኝ ነው" አልኩት።

ጠጋ ብሎ ቦታ አሰፋልኝ።