የውርጌሳን ማንጎ ማን ተከለው?

ለትምህርት ከመርሳ ወልዲያ የሄድኩ ዓመት፣ የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፌ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ። ስለ ማንጎ ነበር። ከስልኬ ላይ አራት ገጽ ገልብጬ፣ መጨረሻው ላይ «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ብዬ በኩራት አስምሬበታለሁ። መምህራችን በዕድሜ ከእኛ ብዙም የማትርቅ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች። ከሥሩ «ኢንተርኔት የማን ልጅ ነው?» ብላ ጽፋለች።

ቢሮዋ አስጠራችኝና አንዱን ዓረፍተ ነገር በጣቷ አሳየችኝ።

«ይቺን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እስኪ ምን ማለት እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሁለቴ አነበብኩት። «ከፊል ሞቃታማ ሥነ ምህዳራዊ ቀጣና» ይላል። «ቲቸር፣ ለእኔም አልገባኝም» አልኳት።

ትቆጣኛለች ስል ሳቀች። «መርሳ ውስጥ አንድ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ?»

«ማን ነገረህ ነው የምንለው።»

«የእኔም ትምህርት ይኸው ነው። ያየሽውን አየሁ በይ፤ የሰማሽውን ከማን እንደሰማሽ ጻፊ። ሂጂና የሚያውቅ ሰው ጠይቀሽ እንደገና ሥሪው።»

ቅዳሜ መርሳ ስወርድ ነገሩ እንደ በሽታ ይዞኝ ነበር። መካኒክ የሆነው አባቴ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ይዘንባል» ሲል «ምንጭ?» አልኩት።

«ጉልበቴ» አለኝ፣ ጉልበቱን እያሻሸ።

ደብተሬ ላይ «አባቴ፣ በቃል» ብዬ መዘገብኩ። እናቴ ጎረቤታችን ልትድር ነው ስትል እሷንም «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ልጅቷን ምንድን ነው የሚያስተምሯት?» ብላ ወደ አባቴ ዞረች።

ስለ ማንጎ ማን እንደሚያውቅ ስጠይቅ፣ አባቴ ጋራዡ አግዳሚ ላይ ወደሚቀመጡት ሽማግሌ ጠቆመኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል፤ ሳይመጡ የሚውሉበት ቀን ግን የለም።

«የመጀመሪያዎቹን ሦስት ችግኞች ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «በጎልማሳነቴ፣ ከአዋሽ በኩል ስመለስ። ጋቢና ከጎኔ አስቀምጬ እንደ ሙሽራ ነው ያመጣኋቸው። ፍሬን እንኳ በቀስታ ነበር የምይዝ። ውርጌሳ ነው የተተከሉት፤ አንደኛው ዛፍ ዛሬም አለ።»

ውርጌሳ ከመርሳ ሩቅ አይደለም። ሄጄ ዛፉን ማየት፣ ባለ ዛፉንም መጠየቅ እችል ነበር። ሰነፍኩ። «የውርጌሳ ማንጎ የእኒህ ሾፌር ሥራ ነው» ብዬ ጽፌ፣ ምንጬን በሥርዓቱ ጠቅሼ አስረከብኩ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አንዱን ቅጂ ለሾፌሩ ሰጠኋቸው።

እሳቸው ደግሞ ጎማ ለማስለጠፍ ለመጣ ሁሉ ያነቡለት ጀመር። የሚኒባስ ሾፌሮች ሰሙ። የሚኒባስ ሾፌር የሰማው ውርጌሳ ለመድረስ ግማሽ ቀንም አይፈጅበትም።

በሳምንቱ የግቢው ጥበቃ አስጠራኝ። በሩ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አባት ቆመዋል። ጥበቃው «ስለ ምን ጉዳይ ነው ብላቸው ስለ ጽሑፍ ነው አሉኝ» አለኝ ግራ ገብቶት።

ሰላምታቸው ረጅም ነበር። የእናት አባቴን ደኅንነት፣ የትምህርቴን ነገር ሁሉ ጠየቁና አልሐምዱሊላህ ካሉ በኋላ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ማንጎዬን ለሰው ሰጠሽብኝ አሉ» አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባባ፣ አንቱን ሳልጠይቅ መጻፌ ጥፋት ነው» ብዬ ወደ መምህሬ ቢሮ ወሰድኳቸው፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

መምህሬ ታሪኩን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ጠይቂያቸው» አለችኝ።

«አባባ፣ ማንጎውን አንቱ እንደተከሉት ከማን ሰሙ?»

«ከማን እሰማለሁ? ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ፣ ውኃ የተሸከምሁት እኔ!»

«ሾፌሩስ?»

«እሱማ ችግኙን አምጥቷል፤ አልካድሁም። ግን ሦስት ነበሩ፣ ሁለቱ ሲደርሱ ደርቀው ነበር። እንደ ሙሽራ አመጣኋቸው ያለው መስኮቱን ከፍቶ ነው እንዴ?»

መምህሬ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ እየጻፍኩ ነበር። ስጨርስ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። «አንደኛውን ችግኝ ያጸደቁት እርሳቸው እንደሆኑ ይላሉ» የሚለው ላይ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

«‹ይላሉ› ምን ማለት ነው? ላይሆንም ይችላል ማለት ነው?»

መምህሬን አየኋት። «ተናግረዋል በይ» አለችኝ። «ተናግረዋል» ተባለ፤ እሳቸውም ተስማሙ።

አዲሱን ጽሑፍ ለሾፌሩ ማድረስ ግን የእኔ ዕዳ ሆነ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ ነዋ!» አሉ። ቀጥለው የምንጮቹን ዝርዝር ገለጡ። «ለምንድን ነው እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች?»

«በፊደል ተራ ነው።»

«ፊደሉን እንዲህ የደረደረው ማን ነው?»

አባቴ ከመኪናው ሥር ሆኖ በሳቅ ፈረሰ።

ሾፌሩ ዛፉን ካዩት ስንት ዘመን እንደሆናቸው ለራሳቸው አጉተመተሙ። በማግስቱ እሑድ ከእኔ ጋር ሚኒባስ ተሳፈሩ። ውርጌሳ ስንደርስ ባለ ከዘራው ገበሬ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ ከዛፉ ሥር ቆመው፣ ችግኙ የመጣው በበልግ ነው በክረምት በሚል ክርክር ተያያዙ። እኔም ግንዱን ተደግፌ ደብተሬን አወጣሁ።