በፎርፌ ያሸነፍንባት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ከማራኪ ወደ ፒያሳ ስመጣ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ጎማ ተነፈሰና ጎሚስታ ቤት በር ላይ ቆምን። ጎሚስታው የውስጡን ጎማ አውጥቶ በሞረድ ይፈገፍገው ጀመር። በፀሐይ የጋለ፣ አቧራ የጠጣ የላስቲክ ሽታ መጣብኝ። ሳላስበው መዳፌን አሸተትኩት፤ ኳስ ስይዝ የዋልኩ መሰለኝ። ሹፌሩ አይቶኝ፣ "ሽታው አስቸገረሽ እንዴ እህቴ? ፈቀቅ በይ" አለኝ። ሽታውስ አላስቸገረኝም ነበር።

አንቺ የዛሬ ልጅ ስለሆንሽ አልደረስሽበትም እንጂ ይህ ከተማ ለቅርጫት ኳስ ሲል ሱቁን የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የአገሪቱ ሊግ የሴቶችን ውድድር ሲጀምር ጎንደርም ቡድን አቆመች፤ እኔም ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ተመረጥኩ። አጭር ነበርኩ፤ ግን እጄ ፈጣን ስለነበር ኳስ የማከፋፍለው እኔ ሆንኩ። ሜዳችን ከላይ ክፍት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መቀመጫውም የሲሚንቶ ደረጃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲያዘነብል የቅርጫቱ ጥላ ረዝሞ እስከ መሃል ሜዳ ይደርስ ነበር። ቦታ ያጣው አጥር ላይ ይወጣል፤ አጥር የሞላበት ባሕር ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። የመናኸሪያ ወዛደሮች ባዶ ጀሪካን እየደበደቡ ሲጨፍሩ የኮች ድምፅ አይሰማንም ነበር፤ ከንፈሩን እያየን ነበር የምንታዘዘው። ስንወጣ ባለ ባጃጆቹ "ግቡ፣ ግቡ፣ የእናንተ ሂሳብ የለም" ይሉን ነበር።

ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ የቀሩት አባቴ ብቻ ነበሩ። አባየ መሪጌታ ናቸው፤ በደብራችን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ቡድን ውስጥ መግባቴን የሰሙ ዕለት አልተቆጡም፤ "የመምህር ልጅ በቁምጣ ስትሮጥ እኔ ቁሜ አላይም" ብቻ አሉ። እማየ ማሊያዬን አጥባ ጓዳ ውስጥ ነበር የምታሰጣልኝ፤ ደጅ ብትሰጣው የአባየ ተማሪዎች እንዳያዩት ብላ። ተማሪዎቹ ግን ከማንም ቀድመው ሜዳ ይደርሱ ነበር።

ነገሩ መቼ እንደተበላሸ ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። መጀመሪያ የጠፉት ወዛደሮቹ ናቸው። ከሜዳው ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን ያለው የኳስ ማሳያ ቤት ተከፈተ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የአውሮፓ እግር ኳስ ያሳያል። ሊጉን የሚመሩት ሰዎችም የእኛን ጨዋታ ልክ በዚያው ሰዓት አደረጉት። ኮች ሰዓቱን ቀይሩልን ብሎ ቢለምን "ፕሮግራሙ ወጥቷል" አሉት። ደግሞ ሳይነገረን ጨዋታ ይሰረዛል፤ ሰው መጥቶ ዝግ በር ያገኛል። ሁለት ጊዜ ዝግ በር ያገኘ ሰው ሦስተኛ አይመጣም፤ እኔስ ብሆን እመጣ ነበር? ከዚያ የሚደግፉ ድርጅቶች አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ቡድኖች ፈረሱ።

አንድ ቀን ከባሕር ዳር አሸንፈን ስንመለስ፣ እንፍራንዝን አለፍ እንዳልን ሹፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። ጋዜጠኛው የእንግሊዝ ቡድኖችን አሰላለፍ፣ የማንን ጉልበት ማን እንዳከመው ሳይቀር ሲተነትን ቆየና በመጨረሻ፣ "በቅርጫት ኳስ ሊግ የጎንደር ሴቶች ተሸንፈዋል" ብሎ ሙዚቃ ለቀቀ። ከጭልጋ የመጣችው ረጅሟ ልጅ ከኋላ ወንበር ቀና ብላ፣ "ምነው? እኛ አይደለን እንዴ ያሸነፍነው?" አለች። ማንም አልሳቀም። አምበላችን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ የተኛች መሰለች፤ እንዳልተኛች ግን ከትንፋሿ አውቄያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ፒያሳ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "ደግሞ ሊጉ አለ እንዴ?" ይለኝ ጀመር። እንዴት እንደሚያንገበግብ ልነግርሽ አልችልም። ማለዳ ተነስተሽ በዚያ ብርድ ሮጠሽ፣ ጉልበትሽ ሲሚንቶ ላይ ተልጦ፣ ያው የሰፈርሽ ሰው "አለ እንዴ?" ይልሻል። አሁንም አልፎ አልፎ ስልኬ ላይ የዛሬውን ሊግ ፎቶ አያለሁ፤ ተጫዋቾቹ ተሰልፈው፣ ከኋላቸው ባዶ መቀመጫ። ያኔም እንዲያ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሌላ ክልል ከሚመጣ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበረን። ሰውነታችንን እያሟሟቅን ቀና ስል ደረጃው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። አባየ ናቸው። ኩታቸውን አጣፍተው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ሌላ የተጫዋቾች ዘመዶችና አንዲት በቆሎ ጠባሽ ብቻ ነበሩ። እማየ ታማ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"አባየ፣ ምነው? ቤት ደኅና?"

"ደኅና ነው። ምነው፣ መቀመጥ ክልክል ነው ወይ?"

"ኧረ አይደለም!"

ቁምጣዬን ላለማየት ይሁን አላውቅም፣ ቅርጫቱን እያዩ ነበር የሚያናግሩኝ። "ሰው አይመጣላቸውም ሲሉ ሰማሁ" አሉ። "ሰው ሞልቶ ሳለ የእኔ መቅረት አይጎዳሽም ብዬ ነበር። እኛም ማኅሌት ስንቆም ሰው የሚያንስበት ጊዜ አለ፤ እንዴት እንደሚከፋ አውቀዋለሁ። በይ ሂጅ፣ እየጠሩሽ ነው።"

ተመልሼ ሜዳ ስገባ እግሬ መሬት አልነካም። ዛሬ እንደማልስት ለራሴ ነገርኩት።

ጠበቅን። ተጋጣሚዎቻችን አልመጡም። ኮች ስልክ ይደውላል፣ ያዳምጣል፣ ይዘጋል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አንድ ሰው ስልክ አነሳለት፤ ኮች ሲያወራ ትከሻው ወረደ። ቡድኑ በዚያው ሳምንት ፈርሶ ኖሯል፤ ለእኛ የነገረን የለም። ዳኛው፣ "ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው" ብሎ ከመሃል ሜዳ አሰለፈንና ፊሽካውን ነፋ። ፊት ለፊታችን ማንም የለም። በፎርፌ አሸነፋችሁ ተባልን። አንዷ ልጅ ለልማዱ አጨበጨበችና ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ እጇን ሰበሰበች።

አባየ ወደ ታች ወርደው፣ "ማን አሸነፈ?" አሉኝ።

"እኛ።"

"መቼ?"

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። የውሃ ፕላስቲኩን በእግሬ መትቼ እስከ አጥሩ አበረርኩት። ኮች ኳሶቹን መረብ ውስጥ እየከተተ ነበር። "ለሁለት ተከፍለን እንጫወት!" አልኩት።

"ለማን?" አለኝ።

"ለአባቴ!"

ኮች አባየን አያቸው። አንዱን ኳስ ከመረቡ አወጣ። አምበላችን የፈታችውን ጫማዋን መልሳ አሰረች። ጥበቃው፣ "ሜዳው ለስብሰባ ይፈለጋል፣ ድንኳን ሊተከል ነው፣ ቶሎ በሉ" ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

ተጫወትን። ረጅሟ ልጅ በተቃራኒ ሆና እንደ ጠላት ገፋችኝ፤ አልማረችኝም። አባየ ጨዋታውን አያውቁትም፤ ኳሱ የቅርጫቱን ብረት መትቶ ሲመለስ "እሰይ!" ብለው ያጨበጭባሉ። ዓላማው ብረቱን ማስጮህ መስሏቸዋል። እኔ ከሩቅ ወርውሬ፣ ብረቱን ሳይነካ፣ መረቡን ብቻ ሹክ አድርጎ የገባ ኳስ ሳስቆጥር (በሕይወቴ እንዲያ ያለ አግብቼ አላውቅም) አባየ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ። ወዲያው የድንኳን ብረት የተሸከሙ ሰዎች በመሃላችን አቋርጠው ገቡና በዚያው አበቃ።

ወደ ቤት ስንወጣ አባየ፣ "አንች ከሁሉም ታንሻለሽ፤ ሁሉም ግን የሚያየው አንችን ነው" አሉኝ።

"ኳስ የማቀብለው እኔ ስለሆንኩ ነው።"

"እንግዲያው መሪጌታቸው ነሻ!" ብለው ሳቁ። በራችን ጋ ስንደርስ፣ "ሸጋ ነው። ቅዳሜ ደግሞ እመጣለሁ" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ አልነበረም። የሴቶቹ ውድድር ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል ተባለ። ኮች ከቢሮ ቢሮ ተመላልሶ "ጠብቁ" የሚል ቃል ብቻ ይዞልን መጣ። ጠበቅን። አምበላችን አገባች። ረጅሟ ወደ ጭልጋ ተመለሰች። አባየ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምሳ በልተው ሲነሱ፣ "ዛሬም የለም?" ይሉኝ ነበር።

"የለም አባየ።"

"ምነው?"

በጥያቄያቸው እበሳጭ ነበር። መጠየቁን የተዉ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ተበሳጨሁ።

አባየ ያረፉ ሰሞን ለለቅሶ ከመጡት የድሮ ተማሪዎቻቸው አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያጫውተኝ፣ "የኔታ መቼም ቅዳሜ ከሰዓት አያስተምሩንም ነበር" አለኝ። ድሮ ያስተምሩ እንደነበር አውቃለሁና፣ "ከመቼ ወዲህ?" ብዬ ጠየቅኩት። "አንድ ጊዜ ትምህርቱን ወደ ጠዋት አዛወሩት። ጉዳይ አለኝ አሉን። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው እናያቸዋለን እንጂ የትም ሲሄዱ አይተን አናውቅም። ቢሆንም ሰዓቱን አልመለሱትም።"

አሁን በቦታቸው ሌላ መምህር አለ። ልማዱን እንደተቀበለው ይዞታል፤ እዚያ ደብር ዛሬም ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት የለም።