ሳሎኔ አንደኛ ክፍል በነበረ ጊዜ

ፊደል የቆጠርኩት በሽምግልናዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ ጓዳ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ያውም ሳልጨርሰው።

የወታደሩ መንግሥት ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ልጃችሁን አስተምሩ የሚል ቅስቀሳ መጣና የመንደራችን የቱላ ሰው ልጁን ሁሉ ይዞ ትምህርት ቤት ወጣ። ክፍሉ ግን ያው አራት ነው። አንደኛ ክፍሎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ። ባለቤቴን በቀበርኩ በዓመቱ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናልና ሄጄ ርዕሰ መምህሩን፣ “ሳሎኔ ባዶ ነው፤ ውሰዱት” አልኩት። ሰው ለጽድቅ መሰለው። እኔን ዝምታው መርሮኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ ዝምታ የለም። “አባባ፣ ውሃ!” “አባባ፣ ይሄ ቆነጠጠኝ!” አንዲት ልጅማ፣ “አባባ ይሄን ፊደል አያውቁትም? እኔ እንኳን አውቀዋለሁ!” አለችኝ።

“አንቺ ደግሞ አፍንጫሽን መጥረግ አታውቂም” አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ መጣ።

“አባባ፣ ዛሬ ከትምህርት ቢሮ ሰው ይመጣል። በየወረዳው ተማሪና ክፍል እየቆጠሩ ነው፤ አዲስ ክፍል የሚሠሩት በጣም ለተጨናነቀው ነው። የእርስዎ ቤት ክፍል ተብሎ ከተቆጠረ እኛ ከሌላው ተሻልን ማለት ነው፤ ግንባታው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል።”

“ታዲያ ምን በል ነው የምትለኝ?”

“ይጠይቅዎታል። የመሰለዎትን ይመልሱ።”

ይህን ብሎኝ ሄደ። ተቀምጬ አሰብኩት። “አዎ፣ ክፍል ነው” ብል ውሸት የለበትም። እስክሞት ልጆቹ እዚሁ ናቸው።

ሰውዬው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ገባ። ልጆቹ ተነሥተው ሰላም አሉት። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጣሪያው ገና ያንጠባጥባል፤ ጥግ ያለው ልጅ ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ከቷል።

“አባት፣ ይሄ ለትምህርት የተሰጠ ክፍል ነው?”

ልጁን አየሁት።

“ቤቴ ነው” አልኩት። “መስኮቱ አንድ፣ ጣሪያው ወንፊት። ይሄን ክፍል ብለህ ከጻፍክ አንተም አልተማርክም።”

የልጆቹ መምህርት አፏን ያዘች። ሰውዬው ግን ሳቀና ወረቀቱ ላይ ሳሎኔን ከክፍሎቹ ቁጥር ሰረዘው።

በዓመቱ አዲሱ ክፍል በብሎኬት ተሠራ። ልጆቹ መቀመጫ ጣውላቸውን ተሸክመው እየጮሁ ወጡ። ያቺ አፈኛዋ ብቻ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ “አባባ፣ የአዲሱ ክፍል ወለል ሊሾ ነው!” አለችኝ።

“እንኳን ደስ ያለሽ” አልኳት። ሮጠች። ልጅ ናት፤ ምን ይፈረድባታል?

በነገሩ አልጸጸትም። ቀኑ ግን አይመሽም። ድምፃቸው በአጥር በኩል ይሰማኛል፤ “አባባ፣ ውሃ!” የሚል ግን የለም። ጎረቤቶቼ፣ “ሳሎኑን ለምን አያከራዩትም?” ይሉኛል። ተከራይ በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። እኔን ምን ይረባኛል?