በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የዘነበው ዝናብ

ችግሩ ይህ ነበር፦ ዝናብ ሲጀምር የአምስት ዓመቷ ሚጣ አልጋ ሥር ትገባለች። ገብታ ዝም ብትል እናቷን ባልከፋት። ሚጣ ግን እዚያው አቧራ ላይ በሆዷ ተኝታ ጥፋቷን አንድ በአንድ ትናዘዛለች።

«ስኳሩን የደፋሁት እኔ ነኝ! የእትዬን ማበጠሪያ የሰበርኩትም እኔ ነኝ! በቃ ሌላ የለም፣ እውነቴን ነው!»

ዝናቡ በዚህ ካላባራ ያላጠፋችውንም ትጨምርበታለች። አንድ ቀን ዶፉ አልቆም ቢላት የጎረቤቱን መኪና ጎማ ያተነፈስኩት እኔ ነኝ ብላ አረፈች። ጎረቤቱ ደግሞ በመስኮት ሰምቷል።

የነገሩ መነሻ እትዬ ናት። እትዬ የእናትየዋ ታላቅ እህት ስትሆን አብራቸው ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ሚጣን ከመዋዕለ ሕፃናት ታመጣለች። የዝናቡ ወራት ሲገባ ሚጣ የመስኮቱ መስታወት ላይ በጥርስ ሳሙና ስትሥል እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ያኔውኑ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። እትዬ የመጣላትን ዕድል አላሳለፈችውም።

«አየሽ? ልጅ ሲያጠፋ ሰማይ ያለቅሳል» አለቻት።

እናትየዋ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ምን ነካሽ እትዬ? ለሕፃን ልጅ እንዲህ ይባላል?»

«እኔስ እንዲህ እየተባልኩ አይደል ያደግኩት? ምን ሆንኩ?»

«ዝናብ ሲመጣ እስካሁን ቦርሳሽን ትደብቂያለሽ።»

«እሱ እንዳይበሰብስ ነው!» አለች እትዬ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር አልወጣም እያለች ሚጣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ቀን ከመዋዕለ ሕፃናት ቀረች። የቀረች ቀን ሁሉ እናትየዋም ከሥራ ትቀራለች ወይም ትዘገያለች። መምህሯ በር ላይ አስቆመቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። «የሚጣ እናት፣ ልጅቷን እወዳታለሁ። ግን ቦታ የሚጠብቁ ዘጠኝ ልጆች አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ በዚሁ ከቀጠለች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡብኛል።» ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እናትየዋ የምትሠራው ልብስ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ የሚፈላና የሚያቃጥል ነገር ስለሚበዛበት ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ የሚጣ ቦታ ሄደ ማለት የእናቷ ሥራ ሄደ ማለት ነበር።

በቃል ለማስረዳት ሞከረች። «ዝናቡ ካንቺ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ለምን ልክ እኔ ሳጠፋ መጣ?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በአጋጣሚ ነው ቢባል የአምስት ዓመት ልጅ አጋጣሚን ምኑን ታውቀዋለች? በቃል የማይሆን ከሆነ በዓይን የሚታይ ነገር መፈለግ አለበት።

ይህች ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእንፋሎት ካውያ ፊት ቆማለች። የሥራ ጓደኞቿ «እንፋሎት» ይሏታል፣ ግማሹ ለካውያዋ፣ ግማሹ ለጠባይዋ። ካውያው ሲተነፍስ ድምፁን ሰምታ ውሃው ስንት ሸሚዝ እንደሚያደርስ ትናገራለች። የቆመችበት ቦታ መስኮት አጠገብ ነው። ጠዋት ውጪው ሲቀዘቅዝ የካውያው እንፋሎት መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ መጀመሪያ ያደበዝዘዋል፣ ቀጥሎ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታዎቹ እየተጋጠሙ ይወፍራሉ፣ ክብደታቸውን መሸከም ሲያቅታቸው ይወርዳሉ። አሥራ አንድ ዓመት በጨርቅ ስትጠርገው ኖራለች። ከመምህሯ ጋር በተነጋገሩ በማግስቱ ግን ጨርቁን ይዛ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ይሄ እኮ ዝናብ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

«የት? ውጪ አንሶላ አስጥቻለሁ!» ብለው አብረዋት የሚሠሩት ሽማግሌ አጣቢ ወደ በሩ ሮጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ጠረጴዛ ላይ ደረደረች፦ አፉ ሰፊ የሆነ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ፣ አፉን የሚከድን የብርጭቆ ሳህን፣ ከማቀዝቀዣው የወጣ በረዶ፣ ሙቅ ውሃ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሙቁ ውሃ ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ይሆናል። ከውሃው የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። በረዶ የተሸከመው ሳህን ከፍታው ላይ ያለው ቀዝቃዛ ሰማይ ይሆናል። እንፋሎቱ ከብርዱ ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ውሃው ሲፈላ ትንሽ አቀዘቀዘችው፣ ጠርሙሱንም አስቀድማ በለብታ ውሃ አሞቀችው። የሚፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ሲፈስ ይሰነጥቀዋል። ማፍሰሱን ለራሷ አደረገችው፣ በረዶውን የመደርደሩ ሥራ ለሚጣ ተሰጠ።

አንድ ነገር ግን አደረገች፣ የላውንደሪ ሰው ብቻ የሚያደርገው። ልጅቷ አጥርታ እንድታይ ብላ ጠርሙሱንና ሳህኑን ከሥራ ቦታዋ ባመጣችው ፈሳሽ ሳሙና ቀባቻቸው። ከዚያ በውሃ ሳታለቀልቅ በደረቅ ጨርቅ ፈትጋ ወለወለቻቸው። ላውንደሪው ውስጥ የመቀበያው መስታወት እንዲህ ነው የሚወለወለው፣ ውሃ ከነካው ነጥብ ይጥልበታላ። ዕቃው እንደ መስታወት ፋብሪካ ናሙና አብለጨለጨ።

ሚጣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አፈጠጠች። እትዬ እጇን አጣጥፋ ከኋላ ቆመች። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ብርጭቆው ጥርት እንዳለ ነው። ጉም የለ፣ ጠብታ የለ።

«ዝናቡ የታለ?» አለች እትዬ፣ ሳቋን በአፍንጫዋ እያስወጣች።

«ቆይ፣ ይመጣል።»

ሚጣ ግን ነገሩ ገባት። ፊቷ በራ። «አይመጣም እማዬ! ዛሬ እኮ አላጠፋሁም። አንቺም አላጠፋሽም። ለዚህ ነው የማይዘንበው!»

እናትየዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ያዘጋጀችው ሙከራ የእህቷን ወሬ በማስረጃ አጸናላት። ማታ ሲያካፋ ሚጣ ከአልጋው ሥር የተናዘዘችው ከወትሮው በርትታ ነበር፣ አሁን በዓይኗ አይታላ። ሰኞ ጠዋትም ሰማዩን አይታ አልሄድም አለች። እናትየዋ ለእትዬ ከክሊኒኩ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ ወደ ሥራዋ ስትሮጥ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነበር።

ሽማግሌው አጣቢ መነጽር ያደርጋሉ። የፈላው በርሜል ላይ ሲያጎነብሱ እንፋሎቱ ፊታቸውን ይሸፍነዋል። ያን ዕለት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጣታቸው ሳሙና ነካ አደረጉበት፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። በየቀኑ ያደርጉታል። እናትየዋ ግን ያስተዋለችው ገና ያን ቀን ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ለምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ካልቀባሁት ጉም ይይዘኝና ካልሲና ፎጣ አለያይም።»

«ሳሙናው ጉሙን ያባርረዋል?»

«አያባርረውም። ውሃውማ ይመጣል። ግን ሳሙናው ጠብታ ሆኖ እንዲቆም አይፈቅድለትም፣ ስስ አድርጎ ይዘረጋዋል። የተዘረጋ ውሃ ደግሞ እንደ መስታወት ነው፣ ዓይን አያየውም።»

እሷ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አኑራ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ሰማዬን ሳሙና ቀባሁት!»

«አንቺ እንፋሎት፣ ዛሬ ደህና ነሽ?» አሉ ሽማግሌው።

ማታ እስኪሆን አልጠበቀችም። ከሥራ እንደገባች ጠርሙሱንና ሳህኑን በሙቅ ውሃ ስድስት ሰባት ጊዜ አለቀለቀች፣ ጣቷ ብርጭቆው ላይ ሲጢጥ እስኪል ድረስ። ሳሙና የነካው ጨርቅ አላስጠጋችም። ሙቁን ውሃ ጨመረች፣ ሳህኑን ከደነች፣ ሚጣ በረዶውን ደረደረች።

ገና በረዶው ሳይረጋ ብርጭቆው ደበዘዘ። ሦስቱም አንገታቸውን አስረዘሙ። የሳህኑ ሥር በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞላ፣ ነጠብጣቦቹ ጎረቤቶቻቸውን እየዋጡ ወፈሩ፣ አንዷ ተንጠለጠለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠብ አለች።

«ዘነበ!» አለች እትዬ፣ ከልጅቷ ቀድማ።

ሚጣ ግን ከወንበሩ ወርዳለች። አንድ ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ አልጋው ላይ ነው። «ዛሬ ጠዋት አልሄድም ብያለሁ። እሱን አውቆ ነው።»

እናትየዋ ይህን ጠብቃለች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ያሰበችው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ መዝነቡ ምንም አይነግረንም፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ መሞከር ያስፈልጋል።

«እሺ፣ እንሞክረዋ» አለች። «አሁን በረዶውን እናነሣለን። ሳህኑን አድርቀን እናሞቀውና ያለ በረዶ እንከድናለን። አንቺ ደግሞ አጥፊ።»

«ምን ላጥፋ?»

«የፈለግሽውን።»

ሚጣ ማመን አቃታት። ወደ እትዬ አየች፣ ወደ እናቷ አየች። ከዚያ የጨው ዕቃውን አንስታ ወለሉ ላይ ገለበጠችው።

«ጨዌ!» አለች እትዬ።

«ዝም በይ እትዬ፣ ለሳይንስ ነው።»

ሳህኑ ሞቃት ነው። ጠርሙሱን ጠበቁት፣ ጨውም ጥፋትም ሞልቷል፣ ከሳህኑ ግን ጠብታ አልወረደም። ሚጣ ጥፋቷ ያነሰ መሰላትና አንድ ማንኪያ ጨመረችበት። ያም ሆኖ አልዘነበም።

«አሁን በረዶውን እንመልሰው። ጥፋት ግን የለም። እንዲያውም ጨውን እንጥረገው።» ሦስቱም ተንበርክከው ጠረጉ። ሲነሡ ሳህኑ ሥር ጠብታዎቹ ተሰልፈው አገኟቸው። አንዱ ጠብ አለ። ሌላው ጠብ አለ።

ሚጣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ የሳህኑን ሥር አየች። ከዚያ ጣቷን በረዶው ላይ አሳረፈች። «እሱ ነው» አለች። «እሱ ነው የሚያዘንበው። እኔ አይደለሁም።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«እትዬም አይደለችም?»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?» አለች እትዬ፣ ግን ዓይኗን ከጠርሙሱ ላይ አልነቀለችም። እስኪመሽ አራት ጊዜ በረዶ ያስቀየረችው እሷ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ገና ጫማ ሳያደርጉ ማካፋት ጀመረ። እናትየዋ የልጅቷን ጫማ እንደያዘች ቆመች። ሚጣ አልጋውን አየችው፣ በሩን አየችው። ደጃፉ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ላይ ቀለሰች።

«እዚያ ላይ በረዶ አለ?»

«በጣም ይቀዘቅዛል። ከፍ ባልሽ ቁጥር ይብስበታል።»

«ማን ያስቀምጠዋል?»

«ማንም አያስቀምጠውም፣ ከፍታው ራሱ ነው የሚቀዘቅዘው።»

ሚጣ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ኮፍያዋን ጎትታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የእናቷን እጅ ጨምድዳ ይዛ ነበር፣ ግን አልተናዘዘችም። መምህሯ በር ላይ ስታያት እርጥቡን ኮፍያ ተቀብላ ሰቀለችው። እስከ ወሩ መጨረሻ አራት የትምህርት ቀን ዘነበ፣ ሚጣ ከአራቱ ሦስቱን ሄደች። ቦታዋም አልተወሰደም።

የቀረችበት አንዱ ቀን ግን ነጎድጓድ የነበረበት ነው። አልጋ ሥር ገባች፣ አልተናዘዘችም፣ ጥያቄ ብቻ ወረወረች፦ «እማዬ፣ እሱንስ ጠርሙስ ውስጥ ማድረግ ይቻላል?»

እናትየዋ አሁን የያዘችው ነጎድጓዱንና መብረቁን ነው። ላውንደሪው ውስጥ የናይለን ልብስ ከማድረቂያው ማሽን ሲወጣና ከሱፍ ልብስ ሲለያይ ይንጣጣል፣ ጨለም ያለ ቦታ ከሆነ ሰማያዊ ብልጭታም ይታያል። ትንሽዬ መብረቅ ናት። ቤት ውስጥ ግን እምቢ አለቻት። ፊኛ በሱፍ ብርድ ልብስ ብትፈትግ፣ የናይለን ሸሚዝ ብትጎትት ምንም የለም። የሽንፈቷን ምክንያት ያገኘችው በአራተኛው ሙከራ ነው፦ የቤቱ አየር እርጥብ ነው፣ እርጥበት ደግሞ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ ያስመልጠዋል። ዝናቡ ነው መብረቋን የሚያጠፋባት። ይህን ለሚጣ ስትነግራት ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

ስለዚህ ዛሬ ብርድ ልብሱን፣ ሸሚዙንና ፊኛውን ይዛ ሥራ ቦታ ሄዳ፣ ከሽማግሌው አስፈቅዳ ሁሉንም ማድረቂያው አጠገብ ሙቀቱ ላይ ሰቀለቻቸው። ማታ ሥራ ሲገባደድ በላስቲክ ጠቅልላ፣ አየር እንዳይገባባቸው አፉን ቋጥራ፣ በአውቶቡስ ታቅፋ አመጣቻቸው። አሁን ሦስቱም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ልብሶቹን ገፋ አድርገው ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ሚጣ ፊኛውን ለመቀበል እጇን ዘርግታለች። እትዬ «ክርንሽን ከዓይኔ ላይ አንሺልኝ» እያለች ነው። እናትየዋ የላስቲኩን ቋጠሮ በጥርሷ እየፈታች ነው።

«ሁላችሁም ዓይናችሁን ክፈቱ» አለች። «ስፈትግ እንዳትተነፍሱበት።»