የማይቆረጥባት

እናቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ቤት ሞግዚት ነበረች። አባወራው ገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ነጋዴው ሁሉ ይፈራዋል። «ካንቺ ደመወዝ አንድ ሳንቲም አይቆረጥም» ይላት ነበር። እሷም እንደ ውለታ ቆጥራ ትመርቀዋለች። እውነቱን ነው፤ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ግብር የለበትም። እኔ መምህር ነኝ፤ ግብሩም ጡረታውም ተቆርጦ የተረፈው ነው እጄ የሚገባው። በየወሩ እያጉረመረምኩ በእሷ እቀና ነበር።

የመጨረሻ ልጃቸውን አዝላ ስታባብል ግራ ጎኗ ከዳት፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ከሆስፒታል ስትወጣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወደተከራየሁት ክፍል ወሰድኳት። የሰው ልጅ ስትጠብቅ ኖራ ለእሷ ጠባቂ ጠፋ። መቅጠር አቅሜ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ የማካካሻ ትምህርት ሳስተምር በር እየቆለፍኩባት ሄድኩ። ስመለስ ሽንቷ አምልጧት፣ አፍራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኛታለሁ።

ሰውየው ዘንድ ሄጄ የጡረታዋን ነገር ጠየቅሁ። «ለቤት ሠራተኛ ጡረታ አይከፈልም፤ ሕጉ አያስገድደኝም» አለኝ። ልክ ነበር። አንጀቴን ያሳረረውም ልክ መሆኑ ነው።

እዚህ አገር ሕጉ ፊቱን ሲያዞር ሽማግሌ ይላካል። የልፋቷን ዋጋ እንዲሰጧት ላክሁ። ሽማግሌዎቹ በሰውየው ሳሎን ተሰበሰቡ፤ እናቴንም ደግፌ አስገባኋት። አንደኛው ጎንበስ ብለው «አዴ፣ እነዚህ ሰዎች ላንቺ ምንሽ ናቸው?» አሏት።

ሠራተኛቸው ነበርኩ በይ፣ አልኩ በልቤ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። እናቴ ግን በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ሰውን በገዛ ቤቱ ማሳፈር አይሆንላትም። ቃሉን እየጎተተች አወጣችው።

«ልጆቼ... ኢጆሌኮ ናቸው» አለች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም።

የቤቱ እመቤት አለቀሰች። ሽማግሌዎቹም ልባቸው ተነካ፤ እኔ ብቻ ደሜ ፈላ።

«እንግዲህ ተናገረች» አሉ ጠያቂው። «በእናትና በልጅ መሀል የደመወዝ ነገር አይነሳም። ቤቷ ትግባ።» መርቀው ተነሡ።

ቤቷ ማለት ከጓሮ ያለችው የሰርቪስ ክፍል ናት። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተዘርግቶላታል። የድሮ አልጋዋ ላይ ከዲጋ ገጠር የመጣች ለግላጋ ልጅ ሕፃኑን አዝላ ተቀምጣ ነበር። አይታን ብድግ አለች።

«አዲሷ ናት» አለች እመቤቲቱ። «ሠራተኛ አንላትም፤ ልጃችን ናት።»

እናቴ በደህናው እጇ የልጅቷን ቀሚስ ያዘች። ወደ ራሷ ሳበቻት። ከንፈሯ ተጣሞ፣ ምራቋ እየወረደ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ያልወጣውን ቃል አወጣችው።

«ሠራተኛ... ነኝ... በይ።»

«ምን አለች?» አለች እመቤቲቱ።

ልጅቷ ግን ሰምታለች።